ደረቅም የሚፈጭ

"እስቲ በዚህ ይሞክሩልኝ" አለና ያደታ ከኮቱ ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

ማዘንጊያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ፌስታሉን ፈታ። "ምንድን ነው? አንጮቴ?"

"አንጮቴ ነው። ተቀቅሏል።"

"ሰው አቮካዶ ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። አንጮቴ በኪሱ ይዞ መፍጫ ሊገዛ የመጣ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

"ጁስ ቤት ልከፍት አይደለማ፣ ጋሽ ማዘንጊያ!"

ሁለቱም ፈገግ አሉ፤ ወዲያውም ተዉት። ማዘንጊያ ነገሩን ያውቃል። የሱቁን መደርደሪያ የሠራለት ያደታ ነው፤ የያደታ ሚስት ኢቢሴ ደግሞ ከታመመች ዓመት አልፏታል። የበሽታውን ስም በነቀምት ማንም ጮክ ብሎ አይጠራውም፣ "ያ ነገር" ይባላል። አዲስ አበባ ወስዷት ጉሮሮዋ ላይ ጨረር ተሰጣት። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዋ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አሁን የሚያልፈው ወተትና አጥሚት ብቻ ነው። እሱም በልመና።

ትናንት ነርሷ ቤት መጥታ መዘነቻትና ዝም አለች። ነርስ ዝም ስትል ከመናገሯ ይብሳል። ያደታን ደጅ ድረስ አስከትላው ወጣችና፣ "ጠንከር ያለ ምግብ ካላገኘች በሆዷ በኩል ቱቦ ማስገባት ሊኖርብን ነው። ግን አንዲት ጓል እንዳትኖረው፣ ትን ካላት አደጋ ነው" አለችው። ኢቢሴ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ፣ ሲመለስ ራሷን ወዘወዘች። ቱቦ አልፈልግም ማለቷ ነው። ከዚያ በዚያ በቀረላት በሹክሹክታ ድምፅ፣ "አንጮቴ እበላለሁ" አለች። ወለጋ ውስጥ አጥንት ለተሰበረም፣ ለወለደችም፣ ከሞት ለተመለሰም የሚሰጠው አንጮቴ የሚሉት ሥራሥር ነው። ያደታ ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለች።

እስካሁን ከአርጆ የመጣችው ታላቅ እህቷ ድርቤ ሁሉን ነገር በሙቀጫ እየወቀጠች፣ በነጠላ እያጠለለች ታበላት ነበር። ድርቤ ግን ሰኞ ትመለሳለች። ባለቤቷ በሽተኛ ነው፤ ከብት አላት፤ የሷም ቤት ቤት ነው።

ዛሬ ጠዋት ያደታ ሊወጣ ሲል ኢቢሴ እጅጌውን ያዘችው። "ደረቅም የሚፈጭ ይሁን" አለችው። "ሽንኩርት የሚከትፍ።"

እንግዲህ ሽንኩርት ስለ መክተፍ የሚያስብ ሰው ሊድን ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ያደታ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ እያሰበ መጣ።

ማዘንጊያ ሁለት መፍጫ አውጥቶ ጎን ለጎን ደረደረለት። አንደኛው ረጅም ነው፣ ጆጉ ብረት። ሁለተኛው ወርደ ሰፊ፣ ስለቱ ብዙ፤ ሽንኩርት ይከትፋል፣ በርበሬና ቅመም በሌላ ትንሽ ጣሳ ይፈጫል፣ ሊጥ እንኳ ያቦካል። ረጅሙ የአንድ ወንበር ዋጋ ያህል ይረክሳል። ሰፊው ግን በያደታ ኪስ ያለውን ብር አንድ ሳያስተርፍ ይበላዋል። ብሩ ባለፈው ሳምንት አንድ አልጋ ከነኮመዲኖው ሠርቶ የሸጠበት ነው፤ ሌላ የለውም።

"የዋት ቁጥሩን ተወው" አለ ማዘንጊያ። "ወረቀት ላይ ማንም የፈለገውን ይጽፋል። አንሳው፤ ይከብዳል አይደል? ዲናሞው መዳብ ነው ማለት ነው። ገልብጠህ ጥርሱን እየው። ፕላስቲክ ቢሆን በዓመቱ ይበላ ነበር። ጎሚኒውና ስለቱ ቢያልቅ እዚሁ መለዋወጫ አለኝ። መለዋወጫ የሌለውን ዕቃ በነፃም ቢሰጡህ እንዳትቀበል።"

"ሰፊውስ?"

"ሰፊውም ደህና ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ይከትፋል፣ ይፈጫል፤ እንደ ቅባት አያለሰልስም። ለኢቢሴ ከሆነ ረጅሙን ነው የምመክርህ።" ከዚያ ነገር ለመቀየር ያህል፣ "ለመሆኑ ያቺን የዋንዛ ጣውላ አሁንም አትሸጥልኝም? መደርደሪያ ልጨምር ነበር" አለው።

"አትሸጥም።"

"ምን ልታደርጋት ነው?"

"ትቀመጥ" አለ ያደታ፣ ወደ መፍጫው እያየ።

ማዘንጊያ አንጮቴውን ቆራርጦ ውኃ ጨምሮ ረጅሙን አስነሳው። መፍጫው ጮኸ፣ አጓራ፣ ከዚያ ድምፁ ወፍሮ ቆመ። ውስጡ ጠጠር የተበተነበት ይመስላል። ሰፊው ላይ አደረገው፤ እሱም አንኳኳና የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ማዘንጊያ ቶሎ ብሎ ሶኬቱን ነቀለና አንዲት ፍንካች አንስቶ በጥርሱ ሞከራት።

"ይሄ አልበሰለም፣ ያደታ።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልቷል!"

"ቢፈላም አልበሰለም። አሠራሩ ላይ የሆነ ነገር..."

"እናንተ ስለ አንጮቴ ምን ታውቃላችሁ?" አለ ያደታ። ድምፁ ከአሰበው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። "ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው! ለእኔ ነው አንጮቴ የሚነገረኝ? ለቀባሪው አረዱት!"

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ተረቱ የከበደው። ቀባሪ ያለው ራሱን ነው። "እናንተ" ያለው ደግሞ እዚሁ ነቀምት የተወለደውን፣ ጎጃሜነቱ የአባቱ የሆነውን ሰው ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋረጃ ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ ሕፃናት ድንገት ጸጥ አሉ። አንዲት ሴት "እሽሽ" ስትል ተሰማ። የማዘንጊያ ወንድም ሚስትና ልጆች ናቸው፤ ከኪራሙ ግጭት ሸሽተው ከመጡ ወዲህ እዚያ ከካርቶኖቹ መሐል ይተኛሉ። ጮክ ያለ ድምፅ ሲሰሙ መደበቅ ለምደዋል።

ማዘንጊያ አንጮቴውን መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለና አቀበለው። ያደታ ይቅርታ ማለት ነበረበት፤ ግን ተናዶ ነበርና ወጣ።

ከአደባባዩ ማዶ የዮሚፍ ሱቅ አለ። ዮሚፍ ወጣት ነው፣ ምላሱ ቅቤ። "አካም ጅርታ፣ ኦቦ!" ብሎ ገና ከበሩ ተቀበለው። ያመጣለት መፍጫ ያብለጨልጫል፣ ቀይ መብራት አለው፣ ካርቶኑ ላይ ያለው የዋት ቁጥር ከማዘንጊያው አራት እጥፍ ነው።

"ድንጋይ ይፈጫል ይሄ!"

"አንጮቴስ?"

"ድንጋይ እያልኩህ!"

ያደታ አነሳው። ባዶ ጀሪካን ያነሳ መሰለው። ገለበጠው፤ ጥርሱ ፕላስቲክ ነው። "ጥርሱ ቢያልቅስ?" ሲለው ዮሚፍ ሳቀ። "ኦቦ፣ ገና ሳትገዛው ነው የምታሟርትበት?"

ሶኬቱን ሰክቶ ሊያስነሳው ሲል መብራት ጠፋ። ዮሚፍ ሳይሞክር እንዲገዛ ለመነው፣ ዋጋ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ። ዋጋ እንዲህ የሚወርድ ዕቃ ያደታን አስፈራው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ አዘገመ።

ድርቤ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ፌስታሉን ተቀብላ ከፈተችው፤ አንዱን በጥፍሯ ወጋ ወጋ አደረገችው፤ አልገባላትም።

"ሶዳ" አለች፤ የእህቷን ባል አማችነቱን አክብራ እንደዚያ ነው የምትጠራው። "ይሄን ማን ነው የቀቀለው?"

"እኔ ነኝ። ሌሊቱን ከሷ ጋር ተቀምጠሽ ስላደርሽ አልቀስቅስሽ ብዬ ነው።"

"ልጠኸው ነው የቀቀልከው?"

"ታዲያ ከነልጣጩ ልቀቅለው ኖሯል?"

"ያ ዋቃ!" ድርቤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንጮቴ ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው! ከበሰለ በኋላ ነው የሚላጠው! አስቀድሞ ከተላጠማ ይጠነክራል፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው። አምሳ ዓመት ሙሉ ስትበላው አንድ ቀን እንኳ ወጥ ቤት ገብተህ አላየህም?"

አላየም። ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል ተብሎ ያደገ ነው። እናቱ አቀረበችለት በላ፣ ኢቢሴ አቀረበችለት በላ። አንጮቴ ሳህን ላይ ተላጥቶ፣ ተከትፎ፣ በቅቤ ርሶ የሚበቅል ነገር ነበር የመሰለው። ማዘንጊያ ፊት የጮኸው ትዝ አለውና ፊቱ ጋለ።

ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ደንግጠው ትን ያላት መስሏቸው ሮጡ። ኢቢሴ ግን እየሳቀች ነበር። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛለች፣ ያማታል፣ ግን ማቆም አቃታት። ያደታ ስትስቅ ካያት ስንት ጊዜው! እሱም ሳቀ። ድርቤም ሳቀች።

"አየሽ?" አለ ያደታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። "ልትድኚ ነው። ሽንኩርት መክተፊያ ያዘዝሽኝ ጊዜ ነው ያወቅሁት።"

የኢቢሴ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። በእጇ ቅረብ አለችው። ጆሮውን አፏ አጠገብ አደረገ።

"ለእኔ መሰለህ እንዴ፣ የሆሳዕና አባት?"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"እናቴ ስትሞት..." አለችና ምራቋን ለመዋጥ ታገለች። "ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ለጥቂት ቀን ነው አሉኝ። አባቴ ሽንኩርት እንኳ መያዝ አይችልም ነበር። ወጥ ቤት ገባሁ፣ በዚያው ቀረሁ።"

ትንፋሿን ሰበሰበች። ከጓዳ የገጽ መገለጥ ይሰማል፤ ልጃቸው ሆሳዕና ናት። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ፈተናዋ ደርሷል።

"አንተም አንጮቴ መቀቀል አትችልም" አለች ኢቢሴ። "ማሽኑ ይሥራ። ልጄን ወጥ ቤት እንዳታስገባብኝ።"

ያደታ አፉን ከፍቶ "አትሞቺም" ሊላት ነበር። ስንቱ ሰው መጥቶ እንደዚያ ብሏታል፤ ጸልየው የሄዱትም፣ ፍራፍሬ ይዘው የመጡትም። እሷ ግን የምታየው ሌላ ነገር ነበር። ውሸቱን ተወና እጇን ብቻ ያዘ። እጇ እንጨት ሆኗል፤ አጥንቱ በመዳፉ ይቆጠራል።

ድርቤ አዲስ አንጮቴ ከነልጣጩ ጣደች። ያደታ አጠገቧ ቆሞ አየ። ሲበስል ልጣጩ በጣት እየተገፋ እንደ ካልሲ ሲወልቅ ገረመው። ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው።

ማዘንጊያ ሱቅ ሲደርስ መብራት መጥቷል። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

"ጋሽ ማዘንጊያ" አለ ያደታ። "ጠዋት ያልሆነ ነገር ተናገርኩ። 'እናንተ' ማለት አልነበረብኝም። ይቅር ይበሉኝ።"

ማዘንጊያ የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። "ያንተ አፍ አልነበረም፣ ጊዜው ነው እንዳልል፣ አፉስ ያንተው ነው። አስከፍተኸኛል። ልጆቹንም አስፈራህብኝ።" ከዚያ እጁን ዘረጋ። "በል አምጣው። አሁን ማን አበሰለው?"

"ድርቤ ናት። ጠዋት እኔ ነበርኩ። ልጬ ነበር የቀቀልኩት።"

"እኔም ልልህ የነበረው ይሄንኑ ነው። እናቴ እዚህ አርባ ዓመት ስትቀቅለው አይቼ የለም እንዴ?"

ረጅሙን አስነሳው። በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ቀጭንና የማያቋርጥ ነበር። ሲከፍተው አንጮቴው እንደ እርጎ ለስልሶ ከጆጉ ተዝለግልጎ ወረደ። ያደታ በጣቱ ቀምሶ በላንቃው አሸው፤ ጓል የለውም። በሰፊው ተሞከረ፤ ደህና አድርጎ ፈጨው፣ ግን ምላስ ላይ የሚቆረቁር ቅንጣት ቀረው። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ኢቢሴን ግን ትን ያሰኛታል።

የተረፈውን አንጮቴ ማዘንጊያ በሳህን አድርጎ ወደ መጋረጃው ጀርባ አቀበለ። ትንሽ እጅ ወጥቶ ተቀበለው።

"የቱን ልጠቅልልልህ?" አለ።

ያደታ ሰፊው ላይ እጁን አሳረፈ። ኢቢሴ የጠየቀችው ይሄንን ነው፤ ከታመመች ወዲህ ግዛልኝ ያለችው ሌላ ነገር የለም። ይሄንን ይዞ ቢገባ ልቧ ያርፋል፤ አንጮቴው ግን ለጉሮሮዋ አይሆንም። ረጅሙን ይዞ ቢገባ ትበላለች፤ ግን የነገው ፍርሃቷ እንዳለ ነው። ሰፊውን ገዝቶ፣ ከድርቤ መሄድ በኋላ ራሱ በሙቀጫ ይወቅጥላት ይሆን? አንጮቴ መቀቀል ያልቻለ ሰው!

"ሁለቱንም ብሰጥህ ደስ ባለኝ" አለ ማዘንጊያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግን ጀርባ ያሉትን ታያለህ።"

"አውቃለሁ።" ያደታ እጁን ከሰፊው ላይ አነሳ። "ረጅሙን ይስጡኝ። ዛሬ ያለችው እሷ ናት።"

ማዘንጊያ ጠቀለለለት። ያደታ ብሩን ከፍሎ መልሱን ሲቀበል ከመሄድ ይልቅ ቆመ። መልሱን እጁ ላይ እንደያዘ ግድግዳውን አየ።

"ቢላዋ አለዎት?"

"ምን ዓይነት?"

"ሽንኩርት የሚከትፍ።"

ማዘንጊያ መነጽሩን አስተካክሎ አየው። የማን ቢላዋ ነው ብሎ አልጠየቀም። ከላይ ሰፊና ስለታም የሆነውን አውርዶ፣ "እንግዲህ ጣትህን ጠብቅ" ብሎ ሰጠው።

ያደታ በቀጥታ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ እንጨት መሥሪያ ቤቱ ጎራ አለ። ከበሩ ጀርባ የዋንዛዋ ጣውላ ቆማለች። ከአዲስ አበባ በተመለሱበት ሳምንት ነው እዚያ ያቆማት። ለእድሩ የሬሳ ሳጥን የሚሠራው እሱ ነውና ጥሩ ጣውላ ሲያገኝ ቁመቱን በዓይኑ ይለካል፤ ይችንም ለክቷት ነበር። ለማን እንደሆነ ለራሱ እንኳ አልተናገረም። ሰው ሲጠይቀው ግን አትሸጥም ይላል።

ጋደም አደረጋትና በእርሳስ አሰመረ።  መጋዙን አነሳና ከጫፏ ሁለት ስንዝር ያህል ቆረጠ። የቀረችው ጣውላ ለማንም አዋቂ ሰው ቁመት አትበቃም። የቆረጣትን በመላጊያ አለሰለሰ፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸ። ከዚያ አቧራውን በኮቱ ጠርጎ ከመፍጫው ጋር በብብቱ ይዞ ወጣ።

ቤት ሲገባ ኢቢሴ ካርቶኑን እንዳየች ገባት። ፊቷ ጨለመ።

"ይሄ አይደለም" አለች። እንባዋ መጣ። "ይሄ አይደለም ያልኩህ!"

"አይደለም" አለ ያደታ። "ይሄ ያንቺ ነው።"

ድርቤ ፈጨችው። ኢቢሴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች። በመጨረሻ ግን ሽታው አሸነፋትና አፏን ከፈተች። አንድ ማንኪያ ወረደ። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ላይ እጇን አንስታ በቃኝ አለች። ሦስት ማንኪያ ነው፤ ያድናል የሚል የለም። ድርቤ ግን ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ያደታ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ጠቀለለ። በርጩማ ስቦ ኢቢሴ ልታየው የምትችልበት ቦታ ላይ፣ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አዲሱን መክተፊያ ጉልበቱ ላይ አደረገና ከሽንኩርቱ ቅርጫት አንዱን አነሳ። የቱ በኩል እንደሚጀመር አላወቀም። ገለበጠው፣ አሽከረከረው። መሐሉን ሲቆርጠው አንደኛው ግማሽ ተንከባሎ አልጋው ሥር ገባ።

ኢቢሴ ከትራሷ ቀና አለች። ለረጅም ጊዜ መክተፊያውን አየችው። የዋንዛ ሽታ ታውቃለች፤ ጣውላዋንም መሥሪያ ቤቱ ሄዳ አይታት ነበር።  ከዚያ በሹክሹክታ፣ "ሥሩን አትቁረጠው" አለችው። "ሥሩ ይይዘዋል። በጠፍጣፋው አስተኛው።"

አስተኛው። ቀስ ብሎ ከተፈ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ዓይኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላው ማንም አልጠየቀም።

ሆሳዕና የቢላዋውን ድምፅ ሰምታ ደብተሯን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። አባቷን እንዲያ ሆኖ ስታየው ደነገጠች፤ አፈረችለትም። ቶሎ ብላ ደብተሯን ወንበር ላይ ጣለችና አጠገቡ ተንበረከከች።

"ተወው አባ፣ እኔ እከትፈዋለሁ። ቢላዋውን ስጠኝ" ብላ እጇን ዘረጋች።

ያደታ ልጁን አየ፣ ከትከሻዋ በላይ ደግሞ ኢቢሴን አየ። ኢቢሴ ዓይኗን ከቢላዋው ላይ አልነቀለችም።

"ሂጂ አንብቢ" አላት፤ ቢላዋውንም አልሰጣትም።